የጥንት ግብጻውያን እነማን ነበሩ? ስለ ዘራቸው የሚባለውና ማስረጃው የሚያሳየው

ጥያቄ፦ «የጥንት ግብጻውያን ዘራቸው ምን ነበር? አንዱ ጥቁሮች ናቸው ይላል፤ ሌላው ነጮች፣ ሌላው ዓረቦች። ከአስከሬናቸው የተወሰደው ዲኤንኤ አፍሪካውያን አለመሆናቸውን አረጋግጧል የሚልም አንብቤአለሁ። የአገራችን ሰዎች ደግሞ ፈርዖኖቹ ከእኛ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ መጽሐፍ ቅዱስም ቲርሐቅን የኢትዮጵያ ንጉሥ ይለዋል እያሉ ይከራከራሉ። የትኛውን እንቀበል?»

ምላሽ፦ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥ። የጥንት ግብጻውያን የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ነበሩ። መሠረታቸው የናይል ሸለቆና በዙሪያው የነበረው፣ በኋላ ወደ በረሃነት የተለወጠው የሰሃራ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ከጥንት ጀምሮም በሲና በኩል ከምዕራብ እስያ፣ በአስዋን በኩል ከኑቢያ (ከዛሬው ደቡባዊ ግብጽና ሰሜን ሱዳን)፣ በምዕራብ በኩል ከሊቢያ የመጡ ሰዎች ተቀላቅለዋቸዋል። የሰዉ መልክ ከዴልታው ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ እስከ አስዋን ለሚጓዝ ሰው ዛሬም እንደሚታየው ቀስ በቀስ የሚለወጥ እንጂ አንድ ወጥ አልነበረም። «ጥቁር» እና «ነጭ» የሚሉት ሁለቱ የዘር መደቦች የተሠሩት ከመጨረሻው ፈርዖን እንኳ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይተው ስለሆነ፣ ጥያቄው በእነዚህ ቃላት እስከቀረበ ድረስ የትኛውም መልስ ግማሹን ማስረጃ ወደ ውጭ ይጥላል። ይህን የምለው ከጥያቄው ለመሸሽ አይደለም፤ እያንዳንዱን የተለመደ አባባል ከነማስረጃው አነሣለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ የተወለደው በግብጽ ሳይሆን በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ ግብጽን ጎብኝቶ በ1787 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የስፊንክስን ፊት አይቶ የጥንት ግብጻውያን ጥቁሮች እንደነበሩ መገመቱን ገለጸ፤ ዛሬ ባሪያ አድርገን የምንንቃቸው ሰዎች ጥበብንና ዕውቀትን ያወረሱን ናቸው ብሎም አንባቢዎቹን ወቀሰ። ሻምፖሊዮን በ1822 የግብጽን ጽሕፈት ከፈታና የግብጽ ክብር በአውሮፓ ከናኘ በኋላ ግን አዝማሚያው ተገለበጠ። የፊላደልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን፣ በካይሮ የአሜሪካ ምክትል ቆንስል የነበረው ጆርጅ ግሊደን የላከለትን የራስ ቅሎች ለክቶ፣ ግብጻውያን «ካውካሲያን»፣ ማለትም ነጮች፣ እንደነበሩ፣ ጥቁሮች በዚያ አገር የነበራቸው ቦታም በእርሱ ዘመን እንደነበረው ሁሉ የአገልጋይና የባሪያ መሆኑን በ1844 ባወጣው መጽሐፍ ደመደመ። በአሜሪካ ባርነትን የሚደግፉ ሰዎች መጽሐፉን ለምን እንደወደዱት ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሞርተን ይልቅ ብዙ የሚያስተምረን ግን የፍሊንደርስ ፔትሪ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ፔትሪ ተራ ጸሐፊ ሳይሆን የዘመናዊ ቁፋሮን ሥርዓት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበር። በ1894 እና በ1895 መካከል በላይኛው፣ ማለትም በደቡባዊው፣ ግብጽ በናቃዳ ሁለት ሺህ ያህል መቃብሮችን ቆፈረ። በመቃብሮቹ ያገኛቸው ሸክላዎችና ዕቃዎች እርሱ ከሚያውቃቸው የፈርዖን ዘመን ዕቃዎች በጣም ስለተለዩበት፣ ሰዎቹ ከውጭ ወርረው የገቡ «አዲስ ዘር» መሆን አለባቸው አለ። ብዙም ሳይቆይ፣ ፈረንሳዊው ዣክ ደ ሞርጋን እንዳሳየው፣ እነዚህ ሰዎች ባዕዳን ሳይሆኑ ከፈርዖኖች በፊት የኖሩ የግብጻውያን ቀደምት አያቶች መሆናቸው ታወቀ፤ ፔትሪም በመጨረሻ ይህን ተቀበለ። ሐሳቡ ግን በሌላ መልክ ቀጠለ፤ አሁን ባዕድ የተባሉት ገበሬዎቹ ሳይሆኑ መንግሥቱን የመሠረቱት ነገሥታት ሆኑ፤ «ሥርወ መንግሥታዊ ዘር» የሚል ስም ወጥቶላቸው ከምሥራቅ እንዲመጡ ተደረገ። በዚያው ዘመን የተስፋፋው የ«ሐማውያን» ንድፈ ሐሳብም በአፍሪካ የተገኘ ማንኛውንም መንግሥትና ሥልጣኔ ከውጭ ለመጡ ሰዎች የሚሰጥ ነበር። የእኛንም የአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ከቀረው አፍሪካ ለይቶ ከፍ ያደረገ መስሎ ስለታየ፣ አንዳንድ ያገራችን ሰዎች እስከ ዛሬ ሳያውቁት ይደግሙታል።

ቁፋሮው በቀጠለ ቁጥር የወረራው ንድፈ ሐሳብ መቆሚያ አጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ሺህ ዓመት ከነበረው የባዳሪ ባህል ወደ ናቃዳ፣ ከናቃዳም በ3100 ገደማ ሁለቱን ግብጾች አንድ አድርጎ እስከ ገዛው እስከ ናርመር ድረስ ያለው ዕድገት በየመቃብሩ ደረጃ በደረጃ ይታያል። በአቢዶስ «ዩ-ጄ» በተባለው መቃብር የተገኙት፣ ከናርመር አንድ መቶ ዓመት ያህል የሚቀድሙት የጽሕፈት ምልክቶችም ጽሕፈቱ እዚያው አገር ውስጥ እንዳደገ ያመለክታሉ። ከሜሶፖታሚያ የመጡ ዕቃዎችና የሥዕል ስልቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ንግድ ነበርና። መንግሥትን ተሸክሞ የመጣ ዘር ግን አልተገኘም።

የአውሮፓውያኑን አመለካከት ፊት ለፊት የተጋፈጠው ሴኔጋላዊው ሊቅ ሼክ አንታ ዲዮፕ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች ግብጻውያን ጥቁሮች እንደነበሩ ተከራከረ፤ የሙሚዎችን (እንዳይፈርሱ ደርቀው የተቀበሩትን አስከሬኖች) ቆዳ ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረውን ቀለም፣ መረመረ፣ የግብጽን ቋንቋ ከአገሩ ከወሎፍ ቋንቋ ጋር አነጻጸረ። ዩኔስኮ በ1974 መጀመሪያ በካይሮ በጠራው ጉባኤ ከኮንጎው ቴዎፊል ኦቤንጋ ጋር ሆኖ ክርክሩን በሃያ ያህል ሊቃውንት ፊት አቀረበ። በሕዝቡ ማንነት ላይ ስምምነት አልተደረሰም፤ የጉባኤው ዘገባ ግን ሁሉም ተሳታፊዎች እንደ ዲዮፕና እንደ ኦቤንጋ በጥንቃቄ ተዘጋጅተው እንዳልመጡ ሳይሸሽግ መዝግቧል። በእኔ ግምት ዲዮፕ በትልቁ ነገር ትክክል ነበር፦ ግብጽን ከአፍሪካ ነጥሎ ማጥናት ጭፍን ጥላቻ የወለደው ልማድ ነበር፤ ዛሬ አንድም ከባድ ተመራማሪ ወደዚያ አይመለስም። ሆኖም የተቃዋሚዎቹን ሁለት መደቦች ሳይለውጥ ተቀበለና ግብጽን ከአንዱ አውጥቶ ወደ ሌላው አስገባት፤ የወሎፍ ንጽጽሩም፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩ ቤተሰቦች ስለሆኑ፣ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንምጣ፤ ብዙው ሰው የሚከራከረው በእነርሱ ነውና። የግብጽ ሠዓሊ የሚቀባው ቀለም የአንድን ሰው ቆዳ አይቶ የመረጠው ሳይሆን በሥርዓት የተወሰነ ነበር፤ ወንድ ቀይ ያዘለ ቡናማ፣ ሴት ቢጫ ወይም ነጣ ያለች ትደረጋለች። ከ2600 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠሩትና በሜይዱም የተገኙት የራሆቴፕና የሚስቱ የኖፍሬት ሐውልቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ባልየው ቡናማ፣ ሚስቲቱ የገብስ ቀለም ናት። ሥዕሉን እንደ ፎቶግራፍ የሚያነብብ ሰው የግብጽ ወንዶች ሁሉ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ሚስቶቻቸውን ከሌላ ዘር ብቻ ሲያገቡ ኖሩ ሊል ነው። በንጉሥ ሴቲ ቀዳማዊ መቃብር፣ ቤልዞኒ በ1817 ባገኘው፣ አራት ወገኖች ተሥለዋል፦ ግብጻውያን ቀይ ቡናማ፣ ኑቢያውያን ጥቁር፣ የእስያ ሰዎች ቢጫ፣ ሊቢያውያን ነጣ ያሉ። ይህን ሥዕል «ግብጻውያን ጥቁሮች አልነበሩም» የሚለውም «ነጮች አልነበሩም» የሚለውም ወገን ይጠቅሰዋል፤ ሁለቱም ከተጠቀሰው ሥዕል የሚፈልጉትን ግማሽ ይወስዳሉ። ሥዕሉ የሚነግረን ግብጻውያን ራሳቸውን ከሦስቱም ጎረቤቶቻቸው የተለዩ አድርገው ይቆጥሩ እንደነበር ነው።

ሥዕሎቹ የሰውን መልክ ሳይሆን ሥርዓትን እንደሚከተሉ የሚያሳይ ከሄቃነፈር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሄቃነፈር በቱታንካሙን ዘመን በኑቢያ የሚዓም መስፍን ነበር። ፈርዖን በያዘው በኩሽ፣ ማለትም በኑቢያ ምድር፣ እንደራሴ የነበረው ሁይ በቴብስ ባሠራው መቃብር ውስጥ፣ ለፈርዖን ግብር ይዘው ከሚሰግዱት የኑቢያ መኳንንት መካከል ሄቃነፈር ከነስሙ ተሥሏል፤ በዚያ ጥቁር ቆዳ፣ የኑቢያ ልብስና የራስ ላባ ያለው ባዕድ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቶሽካ በተጠናው በገዛ መቃብሩ ውስጥ ግን ይኸው ሰው ራሱን ያሠራው በግብጻዊ መኰንን መልክ፣ በግብጽ ልብስ፣ በግብጽ ጽሕፈት ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው የሥዕሉ ዓላማ ነው። በአንደኛው ሥዕል የፈርዖንን ኃይል ለማሳየት ባዕድ መሆን ነበረበት፤ በሁለተኛው ወደ ሙታን አምላክ ወደ ኦሲሪስ መንግሥት የሚገባ የተከበረ ሰው መሆን ነበረበት።

በዚሁ ምክንያት ጥቁር የተቀቡ ሐውልቶችም ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። የንጉሥ መንቱሆቴፕ ካልዓይ የተቀመጠ ሐውልት፣ የቱታንካሙን መቃብር ጠባቂዎች፣ ከሞተች በኋላ እንደ አምላክ የተመለከችው ንግሥት አሕሞስ-ነፈርታሪ፣ ሁሉም ጥቁር ተቀብተዋል። ጥቁር የናይል ደለል ቀለም ስለሆነ የትንሣኤና የልምላሜ ምልክት ነበር፤ ኦሲሪስም አንዳንዴ ጥቁር፣ አንዳንዴ አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው። አረንጓዴ ሕዝብ ነበር የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በተቃራኒው ወገን የሚቆሙትም በርሊን የሚገኘውን፣ በታኅሣሥ 1912 በጥንታዊቷ የአማርና ከተማ በቀራጩ ቱትሞስ ሥራ ቤት የተገኘውን የኔፈርቲቲን ምስል እንደ ፓስፖርት ፎቶ ይይዙታል፤ በዚያው በአማርና ከቡናማ ድንጋይ የተቀረጸ ሌላ የንግሥቲቱ ራስ መገኘቱን ግን አይጠቅሱም።

የስፊንክስን አፍንጫ የናፖሊዮን ወታደሮች አፍሪካዊነቱን ለመደበቅ በመድፍ መቱት የሚለው ወሬ ደግሞ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ናፖሊዮን ግብጽ የገባው በ1798 ነው፤ የዴንማርኩ መኰንን ኖርደን በ1737 አይቶ በነደፈው፣ በ1755 በታተመው ሥዕል ላይ አፍንጫው የለም። ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በ15ኛው መቶ ዘመን እንደጻፈው፣ ፊቱን ያበላሸው በ1378 ምስል ማክበርን የተቃወመ አንድ የሱፊ ሰው ነበር። የራምሴስ ካልዓይ «ቀይ ጸጉር»ም እንዲሁ ከመጠኑ በላይ ተወርቶለታል። አስከሬኑ በ1976 ፓሪስ ሲመረመር ጸጉሩ በተፈጥሮው ቀላ ያለ ነበር የሚል ግምት ተሰጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ንጉሡን አውሮፓዊ ማድረግ ግን ቀይ ጸጉር በሰሜን አፍሪካ ሰዎችም ዘንድ እንደሚገኝ አለማወቅ ነው።

ግብጻውያን አገራቸውን «ጥቁሩ ምድር» ማለታቸውም በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ይህ ስም አፈሩን የሚመለከት ነው፤ በዙሪያው ያለው በረሃ ደግሞ «ቀዩ ምድር» ይባል ነበር፤ ስለዚህ ስለ ሰው ቆዳ የሚነግረን የለም። ከሄሮዶቱስ የሚወሰደው ጥቅስ ይበልጥ ይከብዳል፤ በ5ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው ይህ ግሪካዊ በጥቁር ባሕር ዳር የሚኖሩት ኮልኪስያውያን ከግብጽ የሄዱ ናቸው ብሎ ሲከራከር፣ እንደ ግብጻውያን ቆዳቸው የጠቆረ፣ ጸጉራቸውም ከርዳዳ መሆኑን ይጠቅሳል። ሆኖም ወዲያው፣ ሌሎችም ሕዝቦች እንዲህ ስለሆኑ ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም ብሎ ወደ ግርዛት ልማድ ያልፋል፤ ጥቅሱን የሚያሰራጩት ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። የኋላው ጸሐፊ አሪያን ደግሞ የደቡብ ሕንድ ሰዎች ኢትዮጵያውያንን፣ የሰሜኖቹ ግን ግብጻውያንን ይመስላሉ ይላል። ግሪኮች ግብጻውያንን ከራሳቸው የጠቆሩ፣ ኢትዮጵያውያን ከሚሏቸው ግን የቀሉ አድርገው ያዩ ነበር ማለት ነው።

ግብጻውያኑ ራሳቸው ምን አሉ? በአማርና አይ በተባለ ባለሟል መቃብር በተጻፈው፣ ለፀሐይ አምላክ ለአቴን በቀረበው ታላቅ መዝሙር ውስጥ፣ አምላኩ ሶርያን፣ ኩሽንና ግብጽን ፈጥሮ የሰዎችን ቋንቋ፣ ጠባይና ቆዳ እንደለያየ ተነግሯል። ልዩነቱን አይተዋል እንግዲህ፤ ነገር ግን ሰውን ግብጻዊ የሚያደርገው በናይል ዳር መኖር፣ ቋንቋቸውን መናገር፣ አማልክታቸውን ማምለክና በእነርሱ ሥርዓት መቀበር ነበር። ቪክቶር ሎሬ በ1899 በነገሥታት ሸለቆ ያገኘው የማይሄርፕሪ መቃብር ለዚህ ምስክር ነው። ማይሄርፕሪ በቤተ መንግሥት ያደገ፣ የንጉሡን ማራገቢያ የሚይዝ ባለሟል ነበር፤ ከእርሱ ጋር በተቀበረው የሙታን መጽሐፍ ላይም ከተለመደው የግብጻዊ ቀለም ይልቅ ጠቁሮ ተሥሏል፤ ብዙ ተመራማሪዎች የኑቢያ ተወላጅ ነበር ብለው ያምናሉ። ከነገሥታት ጋር መቀበሩን የከለከለው ነገር አልነበረም። በዚያው ሥርወ መንግሥት የተሠራው የቱታንካሙን የተሣለ ሣጥን ግን ንጉሡን በአንድ ጎኑ ኑቢያውያንን፣ በሌላው ጎኑ የእስያ ሰዎችን ሲያርድ ያሳያል። ጠላት የሚሆነው ከሥርዓቱ ውጭ የቆመ ሰው ነው፤ የገባው የራስ ይሆናል።

ስለ ዲኤንኤ የተጠየቀው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል፤ በዚህ ዘመን ክርክሩን የሚዘጋ የሚመስለው እርሱ ነውና። በ2017 የጀርመን ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ከአቡሲር ኤል-መለቅ ከ151 ሙሚዎች ናሙና ወስዶ ከ90ዎቹ በእናት በኩል የሚወረሰውን ዲኤንኤ፣ ከሦስት ብቻ ሰፊውን የዘር መረጃ አገኘ። ሰዎቹ ለጥንት የቅርብ ምሥራቅ ሕዝቦች ቅርብ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ግብጻውያን ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የወረሱት ድርሻ ከእነርሱ በ8 በመቶ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጦች ይህን «ግብጻውያን አፍሪካውያን አልነበሩም» ብለው ጻፉት፤ ከዚያም በሰው አፍ «አውሮፓውያን ነበሩ» ሆነ። ጥናቱ ግን ይህን አላለም። ቦታው ወደ ፋዩም መግቢያ የሚገኝ፣ በኋለኞቹ ዘመናት ብዙ ባዕዳን የሰፈሩበት አካባቢ ነው፤ ናሙናዎቹም ፒራሚዶች ከተሠሩ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ከ1400 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ጀምረው እስከ ሮማውያን ዘመን ይወርዳሉ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ውጤቱ ለመላው ግብጽ፣ በተለይም ለደቡቡ፣ ላይወክል እንደሚችል ጽፈዋል። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ከተቀበሩ ሦስት ሰዎች ተነሥቶ ስለ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚደመድም ሰው ቢመጣ ምን እንደምንለው እናውቃለን።

በሐምሌ 2025 የታተመው ጥናት በዘመን ወደ ኋላ ርቆ ስለሄደ ከዚህ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። ሰውየው ከካይሮ በስተደቡብ 265 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው ኑዌራት በትልቅ ሸክላ ውስጥ የተቀበረ፣ ከ2855 እስከ 2570 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ጊዜ የኖረ፣ ከአጥንቱ አደካከም እንደተገመተው ምናልባት ሸክላ ሠሪ የነበረ ሰው ነው። አጽሙ በ1902 ተቆፍሮ ወደ ሊቨርፑል ተወስዶ ነበር። ከዘሩ 80 በመቶ ያህሉ ከሰሜን አፍሪካ የጥንት ነዋሪዎች፣ 20 በመቶ ያህሉ ከሜሶፖታሚያ አካባቢ ሕዝቦች ጋር ይዛመዳል፤ ከዲኤንኤው በተደረገው ግምት ዓይኑና ጸጉሩ ቡናማ፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ነበር። ይህን ሰው ከሁለቱ የክርክር መደቦች በየትኛው እናስገባው? አንድ ሰው አንድ ሕዝብ አይደለም፤ ነገር ግን የዘር ምንጭና የቆዳ ቀለም የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ከእርሱ በግልጽ እናያለን። የላይኛው ግብጽ አጽሞችም በበኩላቸው፣ ቀደምት የናቃዳ ሰዎች በራስ ቅል ቅርጽ ከሰሜን ኑቢያ ሰዎች ጋር እንደሚቀራረቡ፣ የእጅና የእግር አጥንታቸው ርዝመትም የሞቃት አገር ሰዎችን እንደሚመስል በተደጋጋሚ ታይቷል። በሌላ በኩል በ2011 አንድ የስዊዘርላንድ የንግድ ድርጅት ቱታንካሙን የምዕራብ አውሮፓውያን የዘር ሐረግ አለው ብሎ ያሰራጨው ወሬ፣ በቴሌቪዥን ፊልም ላይ ለአፍታ ከታየ የኮምፒውተር ሠሌዳ የተቀዳ እንጂ ከታተመ መረጃ የተገኘ አልነበረም፤ ምርመራውን ያካሄዱት ሰዎችም አልተቀበሉትም።

ቋንቋው ስለ ምንጫቸው ብዙ ይናገራል፤ እኛንም በቀጥታ የሚመለከት ነው። የጥንት ግብጽ ቋንቋ ከሴማዊ፣ ከኩሻዊ፣ ከኦሞአዊ፣ ከበርበርና ከቻዳዊ ቋንቋዎች ጋር በአንድ የአፍሮ-እስያ ቤተሰብ ውስጥ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው። ግእዝ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ሁሉ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው ማለት ነው፤ ከስድስቱ ቅርንጫፎች አምስቱ በአፍሪካ ብቻ ስለሚገኙም ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የቤተሰቡን መነሻ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያስቀምጡታል። ዝምድናው ግን በብዙ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር ስለሆነ፣ በድምፅ የተመሳሰሉ ቃላትን እየለቀሙ ፈርዖኖቹ አማርኛ ይናገሩ ነበር ማለት ጨዋታ ነው።

ዓረቦች ነበሩ የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የዓረብ ጦር በዐምር ኢብን አል-ዓስ መሪነት ግብጽን የያዘው ከ639 እስከ 642 ነው፤ ያ ደግሞ ክሊዮፓትራ ከሞተች ከስድስት መቶ ሰባ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያው ልክ የተሳሳተው ተቃራኒው አባባል፣ የዛሬ ግብጻውያን ከዓረብ የመጡ እንግዶች ናቸው፣ የጥንቶቹ ጠፍተዋል የሚለው ነው። አገሪቱ ቋንቋዋንና ሃይማኖቷን የለወጠችው በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው፤ ገበሬው በአብዛኛው ያው ገበሬ ሆኖ ቀረ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የዚያው ሕዝብ ልጆች ናቸው። የፈርዖኖቹ ቋንቋ የመጨረሻ መልክ የሆነው ቅብጥኛም በቅብጥ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ውስጥ ዛሬም ይሰማል። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከእስክንድርያ እየተሾሙ ወደ አገራችን ይመጡ የነበሩት ጳጳሳትም የዚያ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ።

ክሊዮፓትራ ለዚህ ጥያቄ ምንም አትጠቅምም። በ2023 አንድ ተከታታይ ፊልም በጥቁር ተዋናይት ስላቀረባት የግብጽ የቅርስ ባለሥልጣናት ተቆጥተው ነበር፤ እርሷ ግን ከእስክንድር ጋር ከመጣው ከመቄዶንያው ፕቶሌሚ የተወለደች ናት። እናቷ ማን እንደሆነች በእርግጠኝነት ስላልተመዘገበ ጥቂት የግምት ቦታ አለ፤ ፕሉታርክ እንደሚለው ከቤተሰቡ የግብጽን ቋንቋ የተማረች የመጀመሪያዋ እርሷ ነበረች፤ ይህ ብቻውን የቤተ መንግሥቱን ባዕድነት ያስረዳል። ምንም ብትመስል ስለ ግብጽ ሕዝብ የምትነግረን የለም።

የቲርሐቅ ጉዳይ ግን እውነተኛ መሠረት አለው፤ ስሕተቱ በቦታው ላይ ነው። በ2ኛ ነገሥት 19፥9 የተጠቀሰው ቲርሐቅ፣ በግብጽ ጽሑፍ ታሃርቃ፣ ከ690 እስከ 664 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብጽን የገዛ የ25ኛው ሥርወ መንግሥት ፈርዖን ነው። ነገር ግን ግሪኮች ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሰዎች አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ በብሉይ ኪዳንም የዕብራይስጡ ኩሽ በግሪክኛው ትርጉም ኢትዮጵያ ሆነ። የታሃርቃ አገር ኩሽ፣ ዋና ከተማዋም በዛሬው ሱዳን የምትገኘው ናፓታ ነበረች፤ የተቀበረውም በዚያው በኑሪ ባሠራው ፒራሚድ ነው። በሐዋርያት ሥራ የምናነበው የሕንደኬ ጃንደረባም ከሜሮኤ፣ ከዚያው መንግሥት የመጣ ነው። የአክሱም ነገሥታት ይህን ስም ለራሳቸው ሲጠቀሙ የምናየው ከታሃርቃ አንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በዒዛና የግሪክኛ ጽሑፍ ላይ ነው።

ከኩሽ ነገሥታት ሁሉ ስለ ማንነት የሚያስገርም ነገር የተወልን የታሃርቃ አባት ፒዬ ነው። በ730 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብጽን ድል ነሥቶ በጀበል ባርካል ባቆመው ሐውልት ላይ፣ ለመገበር ከመጡት የሰሜን ነገሥታት መካከል ያልተገረዙትንና ዓሣ የሚበሉትን ወደ ቤተ መንግሥቱ አላስገባም፣ ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ኒምሎትን ብቻ አስገባሁ ይላል። (በዚያው ጽሑፍ በተከበበችው ከተማ ፈረሶች ተርበው ስላገኘ ከሁሉ በላይ የተቆጣው በዚያ ነበር።) እነዚያ የሰሜን ገዢዎች ብዙዎቹ የሊቢያ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሺሻቅ የሚለውም የዚያው የሊቢያ ዝርያ ነገሥታት መሥራች ነው። ጥቁሩ የኩሽ ንጉሥ ራሱን የግብጻውያን አምላክ የአሞን እውነተኛ አገልጋይ አድርጎ፣ ግብጽን ከረከሱ ሰዎች እንደሚያጸዳ ሆኖ መጣ። 25ኛው ሥርወ መንግሥት እንግዲህ ጥቁሮች ግብጽን እንደገዙ የሚያሳይ የማያከራክር ማስረጃ ነው፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሃያ አራቱ ሥርወ መንግሥታት ሁሉ ኩሻውያን ነበሩ ለማለት ግን አያገለግልም፤ የፒዬ ድል ዜና ሆኖ የተጻፈው ከውጭ ስለመጣ ነውና።

ለአፍሪካ ቀንድ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የፑንት ታሪክ ነው። ንግሥት ሐትሼፕሱት በ1470 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በቀይ ባሕር በኩል ወደ ፑንት መርከቦች ልካ፣ ዕጣንና የዕጣን ዛፎች፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝንጀሮዎች አስመጥታ ጉዞውን በዴይር ኤል-ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ አስቀርጻለች፤ የአገሩ አለቃ ፓራሁና ሚስቱ አቲ በዚያ ይታያሉ። የፑንት ሰዎች የተቀቡት ራሳቸው ግብጻውያን በሚቀቡበት ቀይ ቡናማ ቀለም ነው። ስለ ቦታው ብዙ ተከራክሯል፤ በግብጽ ተቀብረው በተገኙ ዝንጀሮዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ግን ወደ አፍሪካ ቀንድ ያመለክታሉ፤ በ2023 የታተመው የዲኤንኤ ጥናት አንዱን ዝንጀሮ ከኤርትራና ከአጎራባቾቿ ዝንጀሮዎች ጋር አዛምዶ፣ ጥንታዊቷ አዱሊስ ያለችበት የባሕር ዳር ከፑንት ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ጠቁሟል። ይህ በእርግጥ የሚታወቅ፣ በግብጻውያኑ በራሳቸው እጅ የተመዘገበ ግንኙነት ነው፤ የተመዘገበውም የንግድ ግንኙነት ሲሆን፣ ከፑንት ተነሥቶ የግብጽን ዙፋን የያዘ ንጉሥ እንደነበረ የሚመሰክር ጽሑፍ ግን እስካሁን አልተገኘም።